የድሬዳዋ ዋሻዎችና የአዳዲስ ዋሻ ነዋሪ ዝርያዎች ጥናት

ድሬዳዋን በስተደቡብ የሚያዋስኗት የኖራ ድንጋይ ተራሮች ዋሻ የበዛባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 የተቆፈረው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም ሆነ የጎዳ ቡቲቻ ዋሻ ስማቸው የሚነሣው በድንጋይ ዘመን ቅርሶቻቸው ነው። የዝናብ ውኃ ኖራ ድንጋዩን እያሟሟ የሚከፍተው ስንጥቅ ግን ነፍሳት ለሚመስሉ ባለስድስት እግር ጥቃቅን እንስሳትም መኖሪያ ይሆናል።

ከእነዚህ ዋነኞቹ ኮሌምቦላና ዲፕሉራ ሲሆኑ፣ የአፋቸው ክፍሎች በጭንቅላታቸው ውስጥ የተሸሸጉ በመሆናቸው ከእውነተኞቹ ነፍሳት ይለያሉ። ዲፕሉራ ከዋሻ ውጭም ዓይን የለውም፤ ለብዙ ሺህ ትውልድ በጨለማ የኖረው ወገን ደግሞ እግሩ፣ አንቴናውና ሁለቱ ጭራዎቹ ረዝመው ይታያሉ። ምግባቸው ሻጋታ፣ ጎርፍ ያስገባው የበሰበሰ ቅጠልና በሌሊት ወፍ ኩስ ላይ የሚበቅል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተገለጸ አንድ የኮሌምቦላ ዝርያ በጥቁር ባሕር አቅራቢያ ባለው ክሩቤራ ዋሻ 1,980 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል።

አዲስ ዝርያ ለመለየት እንስሳውን ማግኘት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ሰብሳቢው በአልኮል በራሰ ብሩሽ ያነሣውን ናሙና ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ የዋሻውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ካልጻፈበት፣ ናሙናው ለሳይንስ ብዙም አይጠቅምም። ለዘረመል ምርመራ የሚሄደው ከ95 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ይቀመጣል። ለማይክሮስኮፕ የሚዘጋጀው በላክቲክ አሲድ ተነክሮ ሰውነቱ እንደ መስታወት ብርሃን ሲያሳልፍ፣ በየአንጓው ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሁለት ዝርያዎች የሚለያዩት በአንዲት ፀጉር አቀማመጥ ሊሆን ይችላልና። ከዚያም ቀደም ሲል ከተሰየሙ ዘመዶቹ ጋር ይነጻጸራል፤ የእነዚያ መነሻ ናሙናዎች ብዙዎቹ በአውሮፓ ሙዚየሞች መቀመጣቸው ለእኛ አገር ተመራማሪ ትልቅ እንቅፋት ነው። አዲስነቱ ከተረጋገጠ አንድ ናሙና ሆሎታይፕ፣ ማለትም የዝርያው ስም መመሳከሪያ የሚሆን መነሻ ናሙና፣ ተብሎ ይመረጣል፣ መግለጫውና ሥዕሉም በዓለም አቀፉ የእንስሳት አሰያየም ደንብ መሠረት ይታተማል።

የአገራችንን የጄኔቲክ ሀብት ለምርምር መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህም ናሙናዎቻችን ዳግም ያለ ስምምነት ባሕር ማዶ እንዳይቀሩ የሚያግዝ ተገቢ ሕግ ነው።

በድሬዳዋ ጉዳዩ አጣዳፊ የሚሆነው ኖራ ድንጋዩ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃም ስለሆነ ነው። አንድ የዋሻ ዝርያ በአንድ ተራራ ብቻ ሊወሰን ስለሚችል፣ ለድንጋይ ማውጫ ፈቃድ ሲሰጥ የዋሻ እንስሳት ቅኝት አብሮ ቢጠየቅ፣ ሥራውንም የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ቢወስዱት ናሙናዎቹ እዚሁ ተጠንተው እዚሁ ይቀመጣሉ።