«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና ዛሬ በመሥሪያ ቤት ያለው ቦታ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነገረው፣ ሴት የቱንም ያህል ብልህ ብትሆንና ነገሩን አጥርታ ብታውቅ የመጨረሻው ውሳኔ የወንድ ነው ለማለት ነው። ብዙዎች የሴትን ዕውቀት የሚያናንቅ አባባል አድርገው ይወስዱታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አባባሉ ሴት አታውቅም አይልም። ማወቋን አምኖ ይጀምርና ሥልጣኑን ነፍጓት ይጨርሳል። ይህ ደግሞ ከንቀት ይከፋል፤ ያላወቀ ተምሮ ያውቃል፣ ማወቋ ታምኖላት ቃሏ እንዳይጸና የተፈረደባት ሴት ግን ምንም ብትማር የተነፈጋትን አታገኝም።

አባባሉ የተወለደበትን ኑሮ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በደጋው አገር ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት ትወርስ ነበር፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ግን የወንድ ሥራ ነበር፤ እርቅ ለማውረድም ሆነ ጋብቻ ለማዋዋል የሚቀመጡት ሽማግሌዎችም ወንዶች ነበሩ። መሬቱ የእሷ ሆኖ በመሬቱ ላይ የሚነገረው ቃል የሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህ ልማድ ብቻ ሆኖም አልቀረም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ደንግጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ እስኪወስን ድረስ፣ እቴጌ ጣይቱ ስም ባወጡላት በዚችው አዲስ አበባ ሳይቀር አባባሉ የሕግ ድጋፍ ነበረው።

ዛሬ ሕጉ ቢቀየርም አባባሉ ከመሥሪያ ቤት አልወጣም። ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ በተካፈልኩበት የበጀት ስብሰባ ላይ፣ ሰነዱን ያዘጋጀችው ባለሙያ አንድ የወጪ ርዕስ ካለፈው ዓመት ለምን እንደጨመረ ገጽ እየጠቀሰች አስረዳች። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ከአጠገቧ ወደተቀመጠውና ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ወራት ወደሆነው ባልደረባዋ ዞር ብለው «እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» አሉት። እሱም እሷ ያለችውን አሳጥሮ ደገመው፤ «ጥሩ፣ በዚሁ ይጽደቅ» ተባለ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋም እሷው ስለነበረች፣ የራሷን ሐሳብ በእሱ ስም መዝግባ ለፊርማ አቀረበች። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዕውቀቷንም አልተጠራጠሩም፤ ነገሩ እንዲያልቅ የወንድ ድምፅ መስማት ነበረባቸው።

የካቲት 29 ቀን ማርች 8 በመጣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ ቲሸርት ይታደላል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ስለ ሴቶች አቅም ግንባታም ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናውን አልጠላም፤ ነገር ግን አባባሉ ራሱ ያመነውን ማወቅ ደግሞ ደጋግሞ ማስተማር የተከለከለውን ሥልጣን አይመልስም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሚኒስትሮቹ ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ የተደሰትኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተሰጣቸው ውሳኔና ፊርማ ነበርና። ያ ሹመት ግን ወደ ታች፣ ወደ ዳይሬክተሩና ወደ ቡድን መሪው ወንበር ሲወርድ በብዙ ቦታ አላየሁም። እዚያ የሚሰማው «ነገ ትወልድና ሥራው ይበደላል» የሚል ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 3 ቀን ብቻ ስለሚፈቅድ፣ አለቆች ምክንያቱን ሕጉ ራሱ እንዳቀበላቸው ይቆጥሩታል።

አባባሉ በአንድ ቢሮ ውስጥ አሁንም መኖር አለመኖሩን ማወቅ የፈለገ ሰው፣ አለቃው ለመስክ ሥራ ሲወጣ የሚጻፈውን የውክልና ደብዳቤ ይመልከት። ሥራውን ለዓመታት የሠራችው ሴት እዚያው እያለች ውክልናው ከሌላ ክፍል ለመጣ ወንድ ይሰጣል፤ ተወካዩም ደብዳቤው እንደደረሰው ፋይሉ የት እንዳለና ለየትኛው ጥያቄ ምን መልስ እንደሚጻፍ ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚደውለው ወደ እሷ ነው። ውክልናው በስሟ ይጻፍ፤ ቲተሯ ይቀረጽ፤ በክፍያ ሰነድ ላይ የመፈረም ሥልጣኑም ለእሷ ይሰጥ።