«ቅይጥ አገልግሎት» ምንድን ነው?

ደሴ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ሰፈራችን አንዲት ጎረቤት አለችኝ። መንገዱን የምትነካው ክፍሏ ድሮ መኝታ ቤት ነበረች። አሁን ግድግዳው ተፈንቅሎ የቆርቆሮ በር ገብቶለታል፤ ውስጡ ጫማና የልጆች ልብስ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ ደንበኛ አትጠብቅም። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፣ ብሩ በቴሌብር ይገባላታል፣ ዕቃውን ባጃጅ ያደርስላታል። ታዲያ ይህ ቤት መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ ቤት?

ሁለቱም ነው፤ በከተማ ፕላን ቋንቋ «ቅይጥ» ይባላል። በአንድ ቦታ ወይም ሕንጻ ላይ መኖሪያና ንግድ፣ አንዳንዴም ቢሮ፣ አብረው እንዲሆኑ ፕላኑ ሲፈቅድ ማለት ነው። ነገሩ ለደሴ እንግዳ አይደለም። የጦሳ ተራራ ተጭኗት ሜዳው ስለሚያጥር፣ ፊቱ ሱቅ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ቤት ሞልቷል።

ችግሩ የፕላን ዕድሜ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መላውን ከተማ የሚይዘው መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ያገለግላል። ገበያ ግን ያን ያህል አይታገስም። የደሴው ሰኞ ገበያ እንደ ስሙ የሰኞን ሸማች ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ሸማቹ ቀንም ቦታም አይመርጥም። ቴሌብር የጀመረው በግንቦት 2013 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሰመረ የፕላን ካርታ ስልክ ላይ የሚያልቅ ግብይትን ከየት ያውቀዋል? ኮምቦልቻም እንዲሁ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ፣ ማታ ከፈረቃ የሚወጣው ሠራተኛ ዳቦና ሽንኩርቱን የሚፈልገው ተከራይቶ ከሚያድርበት ደጃፍ እንጂ መሀል ከተማ አይደለም።

ሆኖም ቅይጥ ማለት ሁሉም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በእኛ ቁልቁለት ላይ አይሱዙ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ሲሚንቶ ሲያራግፍ መንገዱ ድፍን ይላል። በዚያች ሰዓት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር በምን ትወጣለች? የጫማ ሱቋና ሲሚንቶ ቤቱ ሁለቱም «ንግድ» ናቸው፤ በሰፈሩ ላይ የሚያሳርፉት ጫና ግን አይገናኝም። ስለዚህ ፕላኑ የሚሸጠውን ዕቃ ከሚቆጥር ጫናውን ቢመዝን ይሻላል እላለሁ፦ የመኪናውን ክብደት፣ የብየዳውን ጩኸት፣ የፍሳሹን መውረጃ። አነስተኛ ሱቅ በቀላሉ ይፈቀድ፤ መጋዘንና ጋራዥ መኪና እንደልብ ወደሚዞርበት ሰፊ መንገድ ይሂድ።

ቤትን ወደ ሱቅ ለመቀየር ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የተከፈተ በር ሊታሸግ ይችላል። ፕላኑ ራሱ ሲከለስ ደግሞ ከመጽደቁ በፊት ለነዋሪው ውይይት መቅረብ አለበት። ያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ መሄድ ያዋጣል። የፕላኑ ካርታ ላይ የራስን መንገድ ፈልጎ በምን ቀለም እንደተቀባ ማየት (ቀለሙ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ያሳያል)፣ ቅይጥ ከሆነም መኪና የት ቆሞ እንደሚያራግፍ እዚያው መጠየቅ ነው።