ሁለት ኪሎ ምን አላት? ስለ ክብደት መቀነስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃያ ኪሎ ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው ሁለት ኪሎ ሲቀንስ ደስ ይበለው ወይስ ዝም ብሎ ይቀጥል? አብዛኞቻችን «ገና ነው» እንለዋለን፤ ለራሳችንም እንዲሁ። ብዙ ሰው መሃል ላይ የሚተወው የመጣው ለውጥ ስላልታየው ይመስለኛል። ለውጡን ከሚጋርዱት ወሬዎች ጥቂቶቹን እንይ።

«ሁለት ሦስት ኪሎ ለውጥ አይባልም»

ሰውነት ግቡ እስኪሞላ አይጠብቅም። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ከክብደቱ 5 በመቶውን ሲቀንስ የደም ግፊቱ፣ የደም ስኳሩና በደሙ ውስጥ ያለው ስብ መሻሻል ይጀምራል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 በመቶ አራት ኪሎ ነው፤ «ምን አላት» የተባለችው ሁለት ኪሎ ግማሽ መንገድ ሆነች ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ በተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። አኗኗራቸውን እንዲለውጡ ከተመደቡት የተጠየቀው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነበር። በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሂሳብ ከዚህም ደስ ይላል፦ አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ የአራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሳለታል።

«ሚዛኑ ካልወረደ ምንም አልተለወጠም»

አዲስ አበባ ውስጥ እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ከምሳ በኋላ፣ ከነጫማችን፣ ከነሞባይላችን እንወጣና ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰፈር ከተመዘንነው ጋር እናወዳድራለን። ሁለት ኪሎ ቢለያይ ምን ይገርማል? ሚዛን ስብን ለይቶ አያውቅም፤ ውሃውንም፣ ጡንቻውንም፣ አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብም አንድ ላይ ይቆጥራል። ጨው የበዛበት እራት ውሃ ያስይዛል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ብዙ ሴቶች ጨምረው ይገኛሉ። በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው፣ ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅም በአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ በፍጥነት የሚወርደው በአብዛኛው ይህ ውሃ ሲወጣ ነው። በቴሌግራም «በሳምንት 5 ኪሎ» እያሉ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ የሚሸጡትም የሚነግዱት በውሃ ነው።

መመዘን ካስፈለገ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይሁን። እኔ ግን ይበልጥ የማምነው የልብስ ሰፊ ሜትርን ነው። ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ባለበት ወር ወገብ ሊቀንስ ይችላል፤ ለልብም ለስኳርም አደገኛው ስብ ደግሞ ሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ነው። አንድ የቀበቶ ቀዳዳ፣ ሳያለከልኩ የወጡት ሦስተኛ ፎቅ፣ እነዚህም ይቆጠራሉ።

«ከሳህ እኮ! አመመህ እንዴ?»

ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። «ተመችቶሃል» ሙገሳ በሆነበት አገር መክሳት የችግር ምልክት መምሰሉ አይገርምም። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም፦ ሳያስቡት የሚመጣ መክሳት የቲቢ፣ የስኳር ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። አቅዶ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ለሚቀንስ ሰው ግን «ሆን ብዬ ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

«በሁዳዴ የቀነስኩት በፋሲካ ተመለሰ»

አልተመለሰም። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከወትሮው በላይ ወደ 7,700 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል፤ ዶሮ ወጡ ቢጣፍጥም በአንድ ቀን እዚያ መድረስ ከባድ ነው። በበዓሉ ማግስት የሚታየው ጭማሪ በአብዛኛው ውሃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው። ሳምንት ጠብቆ መመዘን ነው። (ጾምም ቢሆን በራሱ አያከሳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሽሮ ላይ ዘይት በማንኪያ የሚለካ ቤት ደግሞ ብዙም አላየሁም።)

«ደስታ ያለ ግብዣ አይሆንም»

አምስት ኪሎ ቀነስኩ ብሎ ክትፎ ቤት መሄድ የተለመደ ነው። ግን ሁለት ጠርሙስ ቢራ ብቻውን የአንድ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያቃጠለውን ሊመልስ ይችላል። የተሻለ ሐሳብ፦ የሰፋውን ሱሪ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስጠበብ። ወጪው ትንሽ ነው፣ የጠበበ ሱሪም ወደ ኋላ መመለስን ቶሎ ያሳብቃል። ዓይን ፈርቶ ለሰው መናገር የማይፈልግ ደብተር ላይ ይጻፈው። የተራመደበትን ቀን ቢመዘግብ ኪሎውን ከሚመዘግብ እመርጣለሁ፤ መራመዱ በእጁ ነው፣ ኪሎው ግን ሁልጊዜ አይታዘዘውም።

«ግፊቴ ወረደ፤ መድኃኒቱን ተውኩት»

ከሁሉም የከፋው አከባበር ይኸኛው ነው። ግፊቱ የወረደው ክብደቱም መድኃኒቱም ተጋግዘው ሊሆን ይችላል። ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል የሚያስፈልግበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድሮው መጠን ከቀጠለ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ቤት የለካውን ግፊትና ስኳር ከነቀኑ ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ፤ መጠኑን የሚቀንስለት ሐኪሙ ነው።