ረዳቱ ይቆጥራል፣ ሰዓት ይለካል

ደሴ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ዞር ብዬ አየሁ፤ ባዶው ወንበር አራት ነው። አጠገቤ ያለችው የአንደኛ ዓመት ተማሪ የስታትስቲክስ ደብተሯን ዘርግታለች። ዳር ላይ «ዲስክሪት = ሙሉ ቁጥር፣ ኮንቲኒየስ = ነጥብ ያለው» ብላ በቀይ አስምራበታለች። አፌ አላስቻለኝም፤ «እሱ ልክ አይደለም» አልኳት። ዲስክሪት እየዘለለ የሚሄድ መጠን ነው፤ ኮንቲኒየስ ደግሞ መሀሉን ሳይዘል የሚሄድ። ከዚህ በታች በጥቅስ ውስጥ ያሉት ርዕሶች ሰው በሁለቱ ላይ የሚሳሳትባቸው አባባሎች ናቸው።

«ነጥብ ካለው ኮንቲኒየስ ነው»

የጫማ ቁጥር 38፣ 38.5፣ 39 እያለ ይሄዳል። ነጥብ አለው። ግን 38.27 ቁጥር ጫማ የሚሸጥልሽ ሱቅ የለም። ቁጥሩ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ዲስክሪት ነው። የእግርሽ ርዝመት ግን ኮንቲኒየስ ነው። 24.1 ሴንቲሜትር፣ 24.13፣ 24.138 እያልሽ ትቀጥያለሽ። የሚያቆምሽ ማስመሪያው እንጂ እግርሽ አይደለም። ጥያቄው «በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ያለው ሁሉ ሊገኝ ይችላል ወይ?» ነው።

«ዕድሜ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ዲስክሪት ነው»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኳት። «19።»
«መቼ ሞላሽ?»
«ጥቅምት ላይ።»
«ከዚያ ወዲህ አልኖርሽም?»
ሳቀች። ዕድሜ ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ በዓመት የምንቆርጠው እኛ ነን። ተለዋዋጩ፣ ማለትም የምንለካው ነገር፣ ኮንቲኒየስ ነው፣ ቅጹ ላይ የሞላነው ግን ሙሉ ቁጥር ሆነ። ደግሞ ስንቆርጥ ሁሌም ወደታች ነው። 19 ዓመት ከ11 ወር የሆነውም «19» ይላል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ቅጽ የተሠራ አማካይ ዕድሜ ከእውነተኛው ግማሽ ዓመት ያህል ያንሳል። ይህቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

«የዲስክሪት አማካይ ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት»

ይሄ ሚኒባስ በአራት ጉዞ 12፣ 14፣ 11 እና 13 ሰው ጫነ እንበል። ድምሩ 50፣ አማካዩ 12.5። «ግማሽ ሰው የለም» ብሎ 13 የሚያደርገው አለ። እስቲ 13ን በአራት አባዛው፤ 52 ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች ከየት ተሳፈሩ? ረዳቱ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

«ዲስክሪት ማብቂያ አለው፣ ኮንቲኒየስ የለውም»

ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር ይቺን ራሷ አነሳቻት። በዚህ መንገድ በቀን የሚያልፉ መኪኖች ይቆጠራሉ፤ ግን «ከዚህ ቁጥር አያልፍም» የሚባል ጣሪያ የለም። እንዲህ ያለ ቆጠራ የሚገለጽበት የፖይሰን ስርጭትም 0፣ 1፣ 2 ብሎ ሳያቆም ይቀጥላል። በአንጻሩ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ አሁን ያለንበት ቦታ በዜሮና በ25 መሀል ታጥሯል፤ ግን ኮንቲኒየስ ነው። በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ነጥብ አለ።

ከሁሉም የከበዳት ይሄኛው ነው። «ጉዟችን በትክክል 40 ደቂቃ የመፍጀት ዕድሉ ስንት ነው?» አልኳት። ገመተች። መልሱ ግን ዜሮ ነው! ጊዜ ኮንቲኒየስ ሲሆን ዕድል የሚለካው ዕድሉ እንዴት እንደተከፋፈለ ከሚያሳየው ኩርባ ስር ባለው ስፋት ነው፤ የአንድ ነጥብ ስፋት ደግሞ ዜሮ ነው። ዕድሉ ዜሮ ነው ማለት ግን ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይደለም። «ከ39 ተኩል እስከ 40 ተኩል» ካልሽ ግን ስፋት ስላለው ዕድልም ይኖረዋል። ተሳፋሪ ላይ እንዲህ አይደለም፤ «በትክክል 12 ሰው» የራሱ ዕድል ሊኖረው ይችላል።

የቤት ቁጥርና የስልክ ቁጥርስ? እነሱ ከሁለቱም የሉበትም። በዲጂት የተጻፈ ስም ናቸው፤ የስልክ ቁጥር አማካይ ምን ያደርግልሻል?

ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ጀመረ፤ ጃኬቷን አወለቀች። «ጋሼ፣ ብርስ?» አለችኝ። ጎበዝ! ብር በሳንቲም ስለሚዘል በጥብቅ ካየነው ዲስክሪት ነው። ግን ደመወዝን በመሰለ ትልቅ መጠን ላይ እርምጃው በጣም ትንሽ ስለሆነ እንደ ኮንቲኒየስ ይሠራበታል።

ይህን ብዬ ረዳቱን መልስ ጠየቅኩት። «ዝርዝር የለም» አለኝ። እሱ ጋ ትንሹ እርምጃ 5 ብር ሳይሆን አይቀርም።