የፀሐይ ነፋስ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ነፋስ ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከጦሳ ቁልቁል ሲመጣ የተሰጣ ነጠላ ይነጥቃል፤ ሰኞ ገበያ ላይ የነጋዴውን ሸራ ይገለብጣል። የፀሐይ ነፋስ ግን አየር አይደለም። ከፀሐይ ሳያቋርጡ የሚፈሱ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ናቸው።

ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ማለት ነው፣ በአንድ ሰከንድ! እኛ በአውቶቡስ ስንሄደው ቀኑ ያልቃል። ያም ሆኖ ፀሐይ ሩቅ ናት። ሰኞ የተነሳው ነፋስ እኛ ጋ የሚደርሰው ዓርብ ነው። ሲደርስም ሳስቶ ነው። የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ውስጥ ቢቆጠር ጥቂት ቅንጣት ብቻ ይገኛል። ነጠላ አያወዛውዝም።

የጅራታም ኮከብን ጅራት ግን ይገፋል። ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ ወዲያ ነው የሚዘረጋው። ኮከቡ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱን አስቀድሞ ይጓዛል፤ ነፋስ ከኋላው እንደሚገፋው ጭስ።

ነገሩን በስሌት ያሳየው በ1927 እ.ኤ.አ. የተወለደው አሜሪካዊ የጠፈር ፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ፓርከር ነው። ኮሮና የሚባለው የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል። ፀሐይ አጠገብ እያለ ስበቷ አጥብቆ ይይዘዋል። ራቅ ሲል ግን ስበቱ ይላላል፣ ግፊቱ ያይላል፣ ጋዙም ወደ ውጭ ይፈስሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ1958 ጽሑፉን ሲልክ ሁለት ገምጋሚዎች አይሆንም አሉ። የመጽሔቱ አርታኢ ቻንድራሴካርም ሐሳቡ አልተዋጠለትም። ስሌቱን ቢፈትሽ ግን ስህተት አጣበት፤ አሳተመው። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይህ ነው። ራሱ ያላመነበትን ሐሳብ፣ ስህተት ስላጣበት ብቻ፣ እንዲያልፍ ፈቀደ። ስንቶቻችን እናደርገዋለን?

በ1962 ማሪነር 2 የተባለው የናሳ መንኮራኩር ወደ ቬኑስ ሲጓዝ ነፋሱን በመንገዱ ላይ ለካው። ፓርከር ልክ ነበር።

ናሳ በሕይወት ባለ ሰው ስም መንኮራኩር ሰይሞ አያውቅም ነበር። ለፓርከር አደረገው። መንኮራኩሩ በነሐሴ 2018 ሲተኮስ የ91 ዓመቱ ሽማግሌ ቆመው በዓይናቸው አዩ። በ2022 አረፉ። በስማቸው የተጠራው መንኮራኩር በታኅሣሥ 2024 ፀሐይን 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀረባት፣ ነፋሱ ከሚነሳበት ደጃፍ።