ትንሣኤ በድሬዳዋ የካቶሊክ ቁምስና

ለድሬዳዋ ካቶሊካውያን የጌታ ትንሣኤ ከበዓላት ሁሉ በላይ ነው። የእሑድ ቅዳሴ ሳይቀር በየሳምንቱ የሚመላለስ የትንሣኤ መታሰቢያ ነው፤ ክርስቲያኖች እሑድን የጌታ ቀን ብለው የያዙት መቃብሩ ባዶ ሆኖ የተገኘው በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ማለዳ ስለሆነ ነው። በፋሲካ ሌሊት ግን እሳቱ፣ ሻማው፣ ንባቡ፣ ውኃውና ቁርባኑ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ምእመኑ ትንሣኤ ምን እንደሆነ ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ከዚህች ሌሊት ይማራል። ከሌሊቱም ሥርዓት ልቡ ጥምቀቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤተ ክርስቲያኗ አመጣጥ

የዛሬው የሐረር ሐዋርያዊ ቪካርያት፣ ማለትም ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆነ የካቶሊክ አስተዳደር ክልል፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ተብሎ የተቋቋመው ቪካርያት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ጣሊያናዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ጉልዬልሞ ማሳያ ነበሩ፤ ያገሩ ሰው አቡነ ማስያስ ይላቸው ነበር። በ1880 የተኳቸው ፈረንሳዊው ቶሬን ካኝ መቀመጫቸውን ሐረር አድርገው በ1899 እዚያው ዐረፉ። ከ1900 ጀምሮ ወንበሩን የያዙት እንድርያስ ዣሮሶ ከሁሉም በላይ በሕዝብ ዘንድ የታወቁት ናቸው፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡትን ልጅ ተፈሪ መኰንንን ሐረር ላይ አስተምረዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአገር ወጥተው በ1941 ፈረንሳይ አገር አረፉ። ቪካርያቱ የሐረር ተብሎ የተሰየመው በ1937 ነው።

ከዚህ ታሪክ ለትንሣኤ ትምህርት ቅርብ ሆኖ የማየው አንድ ነገር አለ። ካፑቺኖች እ.ኤ.አ. በ1901 ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። በዚያን ዘመን ይህ በሽታ ያገኘው ሰው ከቤተ ዘመድ ተለይቶ፣ ከገበያ ተከልክሎ፣ በቁሙ እንደ ሞተ የሚቆጠር ነበር። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን «የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን» ስትል የምትናገረው ስለ ሥጋ ጭምር ነው። የሚነሣ ሥጋ ደግሞ ቢቆስልም የሚታጠብ፣ ቁስሉ በፋሻ የሚታሰር፣ የሚከበር ሥጋ ነው። የመጠለያው ሥራ ከዚህ እምነት የመነጨ ነው፤ ካህናቱ በፋሲካ ስለ ሥጋ ትንሣኤ ሲሰብኩ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየትም አያመጡም።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ ላይም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ሸሚንደፈር፣ ማለትም ባቡሩ፣ ፈረንሳዩን፣ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ጣሊያኑን፣ ከመሐል አገርና ከሐረርጌ ደጋ የወረደውን ሠራተኛ አንድ ላይ ሰበሰበ። የካቶሊክ ማኅበረሰቡም እንደ ከተማው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ አያቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ እናቱ ከሰሜን የመጣች፣ ቤተሰቡ ከወላይታ ወይም ከከምባታ የወረደ ምእመን በአንድ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እነዚህን ሰዎች አንድ ቤተሰብ የሚያደርጋቸው ደም ወይም ትውልድ አይደለም፤ አንድ ጥምቀት ነው።

የበዓሉ ቀን

በኢትዮጵያ ያሉ ካቶሊካውያን፣ የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮችም ሆኑ እንደ ሐረር ቪካርያት የላቲን ሥርዓት የሚከተሉት፣ ፋሲካን የሚያከብሩት ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ሮም በዓሉን አክብራ ከጨረሰች በኋላ ድሬዳዋ ገና ጾም ላይ የምትሆንበት ጊዜ አለ። በ2016 ዓ.ም. የምዕራቡ ፋሲካ መጋቢት 22 ሲውል የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር፤ አምስት ሳምንት ሙሉ። በ2017 ግን ሁለቱም ሚያዝያ 12 ላይ ገጠሙ፤ ያ ዓመት የፋሲካን አከባበር አንድ ለማድረግ የተነጋገረው የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት ነበር። ከአገሩ ጋር አብሮ ማክበር የሚያስመሰግን ውሳኔ ነው። በአንድ ግቢ አንዱ ጎረቤት ሲጾም ሌላው በግ ቢያርድ የበዓሉ ደስታ ግማሽ ይሆን ነበር።

የሚታመነው

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱም እምነቱም ከንቱ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ከቁጥር 638 እስከ 658 ስለ ትንሣኤ ሲያስተምር ሁለት ነገር አጥብቆ ይይዛል። አንደኛው፣ ትንሣኤው በእውነት የሆነ መሆኑ ነው፤ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፣ ጌታም ለመግደላዊት ማርያም፣ ለጴጥሮስ፣ ለአሥራ ሁለቱ ታይቷል። ሁለተኛው፣ የጌታ ትንሣኤ እንደ አልዓዛር ወይም እንደ ናይን መበለት ልጅ ወደ ቀድሞው ኑሮ መመለስ አለመሆኑ ነው። እነዚያ ኋላ መልሰው ሞተዋል፤ ክርስቶስ ግን ሞት ዳግም ወደማይገዛው ሕይወት ተሻግሯል።

ይህን ልዩነት ሕፃናት እንኳ ይረዱታል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ላይ የተጠመቀ ሁሉ ከክርስቶስ ጋር ሞቶ እንደ ተቀበረ፣ በአዲስ ሕይወትም እንዲመላለስ መሆኑን ይናገራል። ቃሉ በትንሣኤ ዋዜማ የሚነበበው ሰዎች ሊጠመቁ በተዘጋጁበት ሰዓት ስለሆነ ማብራሪያው ዓይን ፊት ነው።

ሳምንቱና ሌሊቱ

ሆሳዕና በዘንባባ ይጀምራል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ ስብሐት ለእግዚአብሔር ከተዘመረ በኋላ ደወሉ ዝም ይላል። ስቅለት ቀን ፍኖተ መስቀል ይደረጋል፣ መስቀል ይሰገድለታል፤ የዚያን ቀን ቅዳሴ የለም። ቅዳሜን ቤተ ክርስቲያን በመቃብሩ ደጅ ሆና ትጠብቃለች።

ዋዜማው የሚጀምረው ከጨለመ በኋላ ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በላቲን ሥርዓት ይህ ጸሎት ቅዳሜ ጠዋት ይደረግ ነበር፤ ወደ ሌሊቱ የመለሱት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በሙከራ፣ በ1955 ደግሞ በሙሉ ሥርዓት። የዛሬው ምእመን በፀሐይ ብርሃን ሻማ የሚበራበትን ያን ዘመን ማሰብም ይቸግረዋል።

የሚያዝያ ሌሊት በድሬዳዋ ወበቅ ነው። ሰው በግቢው ይሰበሰባል፤ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሕፃናት እንቅልፍ ይዟቸው፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ። እሳት ይነድና ካህኑ ይባርከዋል። ከዚያ ትልቁን የፋሲካ ሻማ ይዞ በላዩ መስቀል ይቀርጻል፤ ከበላዩ አልፋ፣ ከበታቹ ኦሜጋ፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ የዓመቱን አራት አሃዞች ይጽፋል። አምስት የዕጣን ፍሬዎችን የጌታ ቍስሎች ምሳሌ አድርጎ በመስቀሉ ላይ ይሰካል። ሻማው ከአዲሱ እሳት ይለኮሳል። ወደ ጨለማው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሦስት ጊዜ ቆሞ የክርስቶስን ብርሃን ያውጃል፤ ሕዝቡም ምስጋና ይመልሳል። ከዚያ ሁሉም ጧፉን ከጎኑ ካለው ሰው ይለኩሳል። ነፋስ ካለ ሰው መዳፉን ጋርዶ ለማያውቀው ሰው ያበራል፤ የጠፋበትም ዞር ብሎ እንደገና ይጠይቃል።

ዲያቆኑ ወይም ካህኑ በሻማው ፊት የሚያዜመው የፋሲካ አዋጅ ረጅም ነው። አዋጁ ያችን ሌሊት እስራኤል በደረቅ እግር ባሕሩን ካቋረጠበት ሌሊት ጋር ያስተካክላታል፤ ሰሙን የሠሩትን ንቦችም ሳይቀር ያነሣል። በሰም ጧፍ ለሚጸልይ አገር ይህ እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ከብሉይ ኪዳን የተመደቡት ንባቦች ሰባት ናቸው፤ እንደ ሁኔታው ሊቀነሱ ይችላሉ፤ የዘጸአት ምዕራፍ 14 ግን በምንም ምክንያት አይዘለልም። ልጆች ሲያንቀላፉ፣ አንዳንዱ ሽማግሌም ጭንቅላቱ ሲወድቅ ይታያል፤ ግን ከፍጥረት እስከ ነቢያት ያለውን መንገድ ሳይሄዱ ወደ ባዶው መቃብር መድረስ አይቻልም። ንባቡን ማሳጠር ለሚወዱ ቁምስናዎች፣ ማለት ለካቶሊክ አጥቢያዎች፣ የምለው ይህንኑ ነው፦ አታሳጥሩት። ስብሐት ለእግዚአብሔር ሲጀመር ከሐሙስ ጀምሮ ዝም ያለው ደወል ይደወላል፣ መብራት ይበራል፣ ከበሮ ይመታል፣ እልልታው ከግቢው አልፎ ይሰማል። በጾሙ ወራት ያልተባለው ሃሌ ሉያ ይመለሳል።

ውኃው

ንዑሰ ክርስቲያን የሚባሉት፣ ለጥምቀት ሲዘጋጁ የቆዩ አዋቂዎች፣ በስማቸው ይጠራሉ። ከመካከላቸው ለጋብቻ ብሎ ትምህርት ጀምሮ በኋላ በራሱ ልብ የቀጠለ፣ በትምህርት ቤት ወይም በክሊኒክ ከመነኮሳይያት እኅቶች ጋር ሲሠራ ጥያቄ ያደረበት፣ ከየትም ሳይጠራ የመጣ ይኖራል። የቅዱሳን ሊጣንያ፣ የቅዱሳንን ስም እየጠሩ የሚለምኑበት ጸሎት፣ ይዜማል፤ በሕይወት ያሉት ከሞቱት ጋር ሆነው ስለ እነዚህ ሰዎች ይለምናሉ። ካህኑ ውኃውን ሲባርክ የፋሲካውን ሻማ ወደ ውኃው ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ከጥምቀት በኋላ ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፤ በዚያችው ሌሊት ሜሮን ተቀብተው ይቆርባሉ። ሦስቱ ምሥጢራት በአንድ ሌሊት ይሰጣሉ።

ቀጥሎ የሚሆነው የቁምስናውን ሁሉ ልብ ይነካል። ቀድሞ የተጠመቀው ሁሉ ጧፉን ዳግም አብርቶ ይቆምና ሰይጣንን ይክድ እንደሆነ ይጠየቃል። «እክዳለሁ» ይላል። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ያምን እንደሆነ ይጠየቃል። «አምናለሁ» ይላል። በሕፃንነቱ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ የመለሰለትን አሁን በራሱ አፍ ይመልሳል። ዓመቱን ሙሉ ተቀያይመው የከረሙ ሁለት ቤተሰቦች አጠገብ ላጠገብ ቆመው ይህን ሲመልሱ ዕርቅ ሳይወርድ ማለፍ ይከብዳል፤ ሽምግልናውም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ለፋሲካ ነው።

በሞት ፊት

የፋሲካው ሻማ ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ጊዜ ይወጣል፦ ሰው ሲጠመቅና ሰው ሲሞት። በቀብር ቅዳሴ ሻማው ከአስከሬኑ አጠገብ ይቆማል፤ ሣጥኑም የጥምቀት መታሰቢያ በሆነ ጠበል ይረጫል። ትንሣኤ ለቁምስናው ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከፋሲካ ሌሊት ቀጥሎ ወደ ቀብር ይሂድ። ድሬዳዋ ሐዘንን ታውቃለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አልቋል፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ሐዘን ላይ «ይነሣል» ማለት ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን የምትለው እንባን ለመከልከል አይደለም፤ ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የምትለው የሞተው ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ስላልጠፋ ነው። ለዚህም ነው ለሙታን ጸሎት የሚደረገው፣ ቅዳሴ የሚቀደሰው።

ከጎረቤት ጋር

የከተማው ብዙ ሰው ሙስሊም ነው። እስልምና የቂያማን ቀን፣ የሙታንን ትንሣኤና ፍርድን ያምናል፤ ነቢዩ ዒሳንም ያከብራል፤ ስቅለቱን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ድሬ ያደገ ካቶሊካዊ ሙታን እንደሚነሡ ለጎረቤቱ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በዚህ ይስማማሉ። የሚለያዩት መስቀሉ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ተሸፍኖ አያውቅም፤ ጉርብትናውንም አላፈረሰም።

በፋሲካ ጠዋት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው የመጀመሪያ ሰው ሙስሊም ጎረቤት ቢሆን ማንም አይደነቅም። ዶሮ ወጡን ግን አይቀምሱም፤ እርዱ የክርስቲያን ነው። አዋቂ የቤት እመቤት ይህን አስቀድማ ታውቃለችና ለእነሱ ድፎ ዳቦ፣ ቡና፣ ፈንዲሻና ለስላሳ ለይታ ታዘጋጃለች፤ ወይም በጉን ሙስሊም እንዲያርድላቸው ታደርጋለች። በኢድ ሳምቡሳውና ሐልዋው በተራው ይመጣል። ከኦርቶዶክስ ጎረቤት ጋር ደግሞ ገበታውም ሰላምታውም አንድ ነው፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ሁሉም «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበላል።

ኀምሳው ቀን

ፋሲካ በአንድ እሑድ አያልቅም። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ኀምሳ ቀን ይከበራል፤ የእመቤታችን ጸሎት እንኳ በዚህ ጊዜ ይለወጣል፤ በመልአኩ ብሥራት ጸሎት ፈንታ «የሰማይ ንግሥት ሆይ» ይባላል። ቀጣዩ እሑድ፣ ሕዝቡ ዳግማይ ትንሣኤ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የመለኮታዊ ምሕረት ሰንበት ብለው የሰየሙት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ላልቻሉ ሕሙማንና አረጋውያን ቁርባን በየቤታቸው ይወሰዳል፤ የቁርባን ልጆችም የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት በዚህ ወቅት ነው። በዋዜማው የተጠመቁት አዋቂዎች ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ከክርስትና አባቶቻቸውና እናቶቻቸው ጋር እየተገናኙ የተቀበሏቸውን ምሥጢራት ትርጉም ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላ በመዘምራን፣ በሕሙማን ጉብኝት ወይም በሕፃናት ትምህርት እንደየስጦታቸው ተመድበው ያገለግላሉ።