የተወለወለ ኮንክሪት ወለል ምንድን ነው?

«የተወለወለ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መወልወያና ባልዲ ነው። እዚህ ግን መወልወል ማለት በማሽን መፋቅና ማለስለስ ነው። ሴራሚክ፣ ጣውላ ወይም ምንጣፍ አይለብስም። ራሱ ኮንክሪቱ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ አብረቅርቆ ወለል ይሆናል።

ከሊሾ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ሊሾ ከኮንክሪቱ በላይ የሚደረብ ስስ የሲሚንቶና የአሸዋ ልባስ ነው። ሊሾ ይጨመራል፣ ይሄኛው ይቀነሳል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ሁሉም ነገር ከዚያ ይመጣል። የምትረግጡት የተሞላውን ኮንክሪት ራሱን ስለሆነ፣ ሲሞላ የተሠራ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ማሽኑ ከስሩ የሚሽከረከሩ ዲስኮች አሉት። ዲስኮቹ ላይ ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣት ተጣብቋል። እንደ ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይልማል። ሥራው ከ30 ወይም ከ40 ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይወጣል። 400 ላይ ሲደርስ ወለሉ ፈዘዝ ያለ ውበት ይኖረዋል። 800 ላይ ያብረቀርቃል። እስከ 3000 የሚሄዱም አሉ፤ ያኔ የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመኖሪያ ቤት እኔ 400ን እመርጣለሁ። ዓይን አይወጋም፣ ጭረትም ቶሎ አያሳይም።

በሥራው መሃል ሲሊኬት ያለበት ማጠንከሪያ ፈሳሽ ይፈስበታል። ሲሚንቶና ውሃ ሲዋሃዱ የሚተርፍ ኖራ አለ። ፈሳሹ ከዚያ ኖራ ጋር ተዋህዶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ላዩንም ያጠነክራል። ስለዚህ የምታዩት ማብረቅረቅ ሰም ተቀብቶ የመጣ ሳይሆን የድንጋዩ የራሱ ነው።

ምን ያህል ይፋቅ የሚለው መልኩን ይወስናል። ላዩ ብቻ ከተነካ ግራጫው የሲሚንቶ ገጽ ይቀራል። ትንሽ ጠለቅ ሲል አሸዋው ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ጠጠሩ ይገለጣል። ጠጠሩ ጥቁር ከሆነ ወለሉ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ይሆናል። እንግዲህ የወለላችሁ «ዲዛይን» የጠጠር ክምሩ ዘንድ ነው ያለው። ይህን ወለል የምወድለት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውሃ። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ በውስጡ ያለውም ይቆጠራል። ሲቦካ ግን ቶሎ እንዲፈስ ተብሎ አንድ ባልዲ፣ ከዚያ ሌላ ባልዲ ይጨመራል። ትርፉ ውሃ ተንኖ ሲወጣ የሄደበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ላዩ ይደክማል፣ ዱቄት ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን ገጽ የትኛውም ዲስክ አያሳምረውም። መፍሰስ ካለበት ለዚሁ የተሠራ ማቅጠኛ ኬሚካል አለ።

ከተሞላ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ውሃ አይነፈገውም። ኮንክሪት ጠንካራ የሚሆነው ደርቆ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ጥንካሬው በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ማሽኑም እስከዚያ ቢጠብቅ ጥሩ ነው።

ኮንክሪት ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ዘዴው የት እንደሚሰነጠቅ ቀድሞ መወሰን ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል በየ2.5 እስከ 3 ሜትር፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቆረጣል። የሚቆረጠውም ወዲያው፣ በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። መስመሮቹ ከበርና ከዓምድ ጋር እንዲገጥሙ ቀድሞ በፕላን ላይ ይሳሉ። ሰው ስለ ቀለም ሲጨነቅ ይህን ይረሳል፤ በኋላ መስመሩ ሳሎኑን አጉል ቦታ ላይ ሲከፍለው ይቆጨዋል።

አብሮት መኖር ቀላል ነው፣ ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል፤ ከፈሰሰበት ቶሎ ይጠረግ። አሲድ ያለበት ማጽጃም አይነካው። ለባዶ እግር ይቀዘቅዛል። ውሃ የሚፈስበት ቦታ ላይ በጣም ከለሰለሰ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ይቁም። ሲፋቅ የሚነሳው አቧራ ለሳንባ አደገኛ ነው። አቧራ የሚስብ ወይም በውሃ የሚሠራ ማሽን ይጠቀሙ፤ ልጆችም ከቤት ይውጡ።

አሮጌ ወለልስ? ይቻላል፤ ግን ከሴራሚኩ ስር ምን እንዳለ ሳይነሳ አይታወቅም። የማጣበቂያ ምልክት፣ የድሮ ጥገና፣ ያልታሰበ ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ቤቱን ከመዋዋላችሁ በፊት ቁም ሳጥን የሚቆምበትን 1 ካሬ ሜትር ብቻ አስፍቁና በቀን ብርሃን እዩት።